በአምስተኛው ሳምንት የሚጠፉ ተጠቃሚዎች፦ የዕለት እንቅስቃሴ ልማድ የሚያስይዝ መተግበሪያ እንዴት ይነደፍ?

ጥያቄ — አቅራቢ፦ መተግበሪያ ሠሪው

ሰላም ለሁላችሁም። አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ሆነን በአማርኛ የሚሠራ የጤና መተግበሪያ በመሥራት ላይ እንገኛለን። ሯጭ የማፍራት ሐሳብ የለንም። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውለው የቢሮ ሠራተኛ፣ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ የምትውለው ነጋዴ፣ ሐኪሙ «ትንሽ ተንቀሳቀስ» ብሎ የሸኘው የደም ግፊት ወይም የስኳር ታካሚ በየቀኑ ጥቂት እንዲራመዱና ይህም ልማድ ሆኖ እንዲቀር እንፈልጋለን። የመጀመሪያው እትማችን ሁሉም የሚሄድበትን መንገድ የተከተለ ነበር፤ በቀን 10,000 እርምጃ ግብ፣ ሳይቋረጡ የተከታተሉ ቀናትን የሚቆጥር የእሳት ምልክት፣ በየሳምንቱ የሚሰጥ ሜዳሊያ፣ የጓደኛሞች የደረጃ ሰንጠረዥ፣ ማታ ማታም «ግብዎን ለማሳካት 3,200 እርምጃ ይቀርዎታል» የሚል ማሳሰቢያ ነበረው።

ለወዳጅ ዘመድና ለሥራ ባልደረቦቻችን አከፋፍለን ሞከርነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ደስ የሚሉ ነበሩ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ስልክ ለስልክ እየተያዩ የሚፎካከሩ፣ ቁጥር ለመሙላት ሲሉ ኮሪደር ለኮሪደር የሚመላለሱ ሰዎች አየን። በአምስተኛው ሳምንት ግን ከጥቂቶች በቀር መተግበሪያውን የሚከፍት ሰው አልነበረም። ምክንያቱን አንድ በአንድ ስንጠይቅ ካገኘናቸው መልሶች ሁለቱ ከአእምሮዬ አልጠፉም። አንዲት ባልደረባዬ ሃያ ስድስት ቀን ሳታቋርጥ ከቆየች በኋላ ለቅሶ ለመድረስ ወደ ክፍለ ሀገር ሄዳ ሁለት ቀን አለፋት፤ ስትመለስ ቁጥሩ ዜሮ ሆኖ ጠበቃትና «እንደገና ከአንድ ልጀምር?» ብላ አጠፋችው። አጎቴ ደግሞ በዐቢይ ጾም ቤተ ክርስቲያን ቆሞና ሰግዶ ውሎ ሲመለስ፣ ስልኩ «ዛሬ እንቅስቃሴዎ በጣም ዝቅተኛ ነው» አለው። «ይህ ዕቃ እኔን አያውቀኝም» ብሎ ስልኩን ለልጁ ሰጠና አስጠፋው።

አሁን ሁለተኛውን እትም ልንጀምር ነው። ግቡ ስንት መሆን አለበት? የተከታታይ ቀናት ቆጠራው ይቅር ወይስ ይሻሻል? ማሳሰቢያውስ በምን ሰዓት፣ በምን ቃል ይምጣ? ሊደግፈን የሚያስብ አንድ ድርጅት ደግሞ እርምጃ ለሞላ ሰው የሞባይል ካርድ እንሸልም የሚል ሐሳብ አቅርቦልናል፤ ልቤ አልተቀበለውም፣ ሆኖም የምቃወምበትን ምክንያት በቅጡ ማስረዳት አልቻልሁም። ልምድም ሆነ ዕውቀት ያላችሁ ብትረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1 — ባህርይ አጥኚ

ከቁጥሩ ልጀምር፤ ብዙው ጥፋት የሚጀምረው ከዚያ ነውና። 10,000 የሚለው ግብ ከሕክምና ምርምር የወጣ አይደለም። አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ያጠለቀበት የቶክዮ ኦሊምፒክ በተካሄደ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ያማሳ የተባለ የጃፓን ኩባንያ የእርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ አቀረበና «ማንፖ ኬ» ብሎ ሰየመው፤ ትርጉሙ «የዐሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ» ማለት ነው። የገበያ ስም የነበረው ቁጥር ቀስ በቀስ የሐኪም ትእዛዝ መሰለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ በአሜሪካ አማካይ ዕድሜያቸው 72 የሆነ 16,741 ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ያሳየው ግን በቀን 4,400 ገደማ እርምጃ የሚሄዱት 2,700 ገደማ ከሚሄዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በጉልህ ያነሰ መሆኑን ነው፤ ጥቅሙም እየጨመረ ሄዶ 7,500 አካባቢ ሲደርስ ጭማሪው ይቆማል። ጥናቱ ሰዎቹን ተከታትሎ ያየ እንጂ ሙከራ ያደረገባቸው ስላልሆነ መንስኤውን አያረጋግጥም፤ ቢሆንም ለአንድ ሱቅ ነጋዴ 10,000 ብሎ መነሻ መስጠት ገና ከመነሻው እንድትሸነፍ መፍረድ መሆኑን ለማየት ይበቃል። የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም ሳትጠይቁ ዝም ብላችሁ ቁጠሩ፤ ከዚያ የራሷን አማካይ ወስዳችሁ አምስት መቶ ወይም አንድ ሺህ ጨምሩበት። ግቡ ከራሷ ትናንት ጋር ይነጻጸር።

ወደ ባልደረባህ ታሪክ ልለፍ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጥናት 96 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ አዲስ ድርጊት መርጠው በየቀኑ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ውስጥ እንዲፈጽሙት አድርጎ ለ84 ቀናት ተከታትሏቸዋል። ድርጊቱ ሳይታሰብበት የሚደረግ እስኪሆን የወሰደው ጊዜ መካከለኛው 66 ቀን ሲሆን፣ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። (254 ከሙከራው ዕድሜ እንደሚበልጥ ልብ በሉ፤ በስሌት የተተነበየ ነው። ስለዚህ «ልማድ በ66 ቀን ይያዛል» እየተባለ እንደ ሕግ ሲነገር ስሰማ እበሳጫለሁ።) ለእናንተ የሚጠቅመው ግን ብዙም የማይነገርለት ሌላው ግኝት ነው፤ አንድ ቀን መዝለል ልማዱ በሚጠነክርበት ሂደት ላይ የጎላ ጉዳት አላደረሰም። የባልደረባህ ልማድ ከለቅሶው በኋላም አልፈረሰም ነበር። ያፈረሰው መተግበሪያው ዜሮ ብሎ የነገራት ሐሰት ነው።

ይህን የሚደግፍ ትልቅ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የታተመው ጥናት 61,293 የአሜሪካ የጂም አባላትን ይዞ አራት አራት ሳምንት የሚቆዩ 54 መርሐ ግብሮችን በአንድ ጊዜ ፈትኗል። ከሁሉ የበለጠ ውጤት ያስገኘው መርሐ ግብር፣ አንድ ቀን ቀርቶ ለተመለሰ ሰው የሳንቲም ያህል ተጨማሪ ሽልማት የሚሰጠው ነበር። ሽልማቱ ላልቀረው ሳይሆን ለተመለሰው ነው! ከዚሁ ጥናት ሌላ መራራ ነገርም ተማርን፤ ከመርሐ ግብሮቹ 45 በመቶው በአራቱ ሳምንታት ውስጥ ሰውን ወደ ጂም ቢያመላልሱም፣ ሳምንታቱ ካለቁ በኋላ የሚለካ ለውጥ የተረፋቸው 8 በመቶው ብቻ ናቸው። የሞባይል ካርዱን ሐሳብ ልብህ ያልተቀበለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ካርዱ እስካለ ሰው ይራመዳል፤ ካርዱ ሲያልቅ ግን የሚራመድበት ምክንያት አብሮ ያልቃል፣ እንዲያውም ስልኩን ልጁ ኪስ ከትቶ የሚልክ ብልህ አይጠፋም። ሽልማት ካስፈለገ ለመመለስ ይሁን፤ መጠኑም ትንሽ ይሁን።

የእኔ ዋና ሐሳብ ይህ ነው፦ ልማድ የሚጣበቀው ከስልክ ማሳሰቢያ ጋር ከሆነ ማሳሰቢያው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ተጠቃሚው ራሱ ከዚህ በፊት በየቀኑ ከሚያደርገው ነገር ጋር ይጣበቅ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» የሚል ቁርጥ ያለ ዕቅድ «ከነገ ጀምሮ እራመዳለሁ» ከሚለው ምኞት የተሻለ ወደ ተግባር እንደሚያደርስ አሳይቷል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ መንጠልጠያ ሞልቷል። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» የሚለውን ቃል ከቤቱ አንድ ፌርማታ ቀደም ብሎ የሚናገር ሰው በየቀኑ ስፖርት ሠርቷል፤ ልብስ አልቀየረም፣ ሰዓት አልመደበም። ከሦስተኛው ቡና በኋላ ጎረቤትን እስከ በሯ መሸኘት፣ ከቅዳሴ ወይም ከሰላት መልስ ረዘም ባለው መንገድ መምጣት፣ ምሳ ተበልቶ ወደ ቢሮ ከመግባት በፊት ግቢውን አንድ ጊዜ መዞር እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ቀን መተግበሪያው ማቅረብ ያለበት ጥያቄ «ስንት እርምጃ?» ሳይሆን «ከምን በኋላ?» የሚለው ነው።

መልስ 2 — የስኳር ክትትል ነርስ

ከላይ የተሰጠው መልስ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ሐኪሙ «ተንቀሳቀስ» ብሎ ስለሸኘው ሰው ልናገር፤ በየቀኑ የማገኘው እሱን ስለሆነ።

ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ስኳርን ዝቅ የሚያደርግ አንዳንድ ኪኒን የሚወስድ ሰው በጾም ሆድ ብዙ ቢራመድ የደሙ ስኳር በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ሊወርድ ይችላል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት፣ ሲብስም ራስን መሳት ይከተላል። ከዚህ አንጻር፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ለማይቀምስ ጿሚ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ «ተነሥ፣ ግብህ ቀርቷል» የሚል ማሳሰቢያ መላክ ነውርም አደጋም ነው። በረመዳንም ከማፍጠሪያው በፊት ባለው ሰዓት እንዲሁ። ለእነዚህ ሰዎች የተሻለው ጊዜ ከምግብ በኋላ ያለው ነው፤ ከበሉ በኋላ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ደቂቃ መራመድ ከምግብ በኋላ የሚመጣውን የስኳር ጭማሪ ይቀንሳል። የጾም ወቅቶችን የሚያውቅ የቀን መቁጠሪያ አስገቡ፤ ሆኖም ማን እንደሚጾም አትገምቱ፣ ጠይቁ፤ መልስ መስጠት ለማይፈልግም መንገድ ተዉለት።

ስለ ስግደት ግን አስጠነቅቃለሁ። የአጎትህን ቅሬታ ሰምቶ «ስግደትንም እንቁጠርለት» የሚል ፕሮግራመር እንዳይነሣ እፈራለሁ። አጎትህ የሰገደው ካሎሪ ለማቃጠል አይደለም፤ ጸሎቱን በቁጥር ብትመልሱለት ካሁኑ የበለጠ ይቀየማል። የሚበጀው መተግበሪያው የማያየው ነገር እንዳለ ማወቁና «ዝቅተኛ ነው» ብሎ መፍረዱን መተዉ ነው። ዝምታም ንድፍ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል፤ ቀድሞ የነበረውን «ቢያንስ ዐሥር ደቂቃ ያልዘለቀ አይቆጠርም» የሚለውን ቅድመ ሁኔታም አንሥቷል። ይህ ለታካሚዎቼ ትልቅ የምሥራች ነበር፤ ሦስት ደቂቃውም ይቆጠራልና። እርምጃ ብቻ ስትቆጥሩ የሚጠፋባችሁ ሌላም አለ። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ መውጣትና ከዚያ መውረድ በእርምጃ ቁጥር ተቀራራቢ ናቸው፤ ለልብ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ በተሠራች ከተማ ቁጥሩን ለማሳደድ ዳገቱን ሽሽት ሜዳ ለሜዳ የሚዞር ሰው ብትፈጥሩ ኪሳራ ነው። አንድ ቀላል ጥያቄ ጨምሩ፤ «ሲሄዱ ማውራት ይችሉ ነበር? መዝፈንስ?» ማውራት እየቻለ መዝፈን ካቃተው መካከለኛ እንቅስቃሴ ላይ ነው። ይህ መለኪያ ባትሪ አይጨርስም።

የደረጃ ሰንጠረዡን አጥፉት። አንዲት ታካሚዬ የእግር ቁስሏን ደብቃ ከምራቷ ላለማነስ ስትራመድ ከርማ ነው ወደ እኛ የመጣችው። የስኳር ታካሚ እግሩ ሊደነዝዝና ቁስሉን ላያውቀው ስለሚችል፣ ከእርምጃው ቁጥር በፊት «ጫማዎን ሲያወልቁ እግርዎን አይተዋል?» የሚል ጥያቄ ማቅረብ ይበልጣል።

መልስ 3 — ባለ አሮጌ ስልክ ፕሮግራመር

ሁለቱ የነገሯችሁ ሁሉ ስልኩ በትክክል ከቆጠረ ነው የሚሠራው። አንድሮይድ ከ4.4 ጀምሮ ባትሪ ሳይበላ እርምጃ የሚቆጥር ሴንሰር ይደግፋል፤ ነገር ግን ቆጠራው ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ወደ ዜሮ ይመለሳል። መብራት በጠፋበት ሰፈር ስልክ በቀን አንድ ጊዜ መዘጋቱ የተለመደ ስለሆነ፣ የመጨረሻውን ቁጥር በየጊዜው በስልኩ ውስጥ ካላስቀመጣችሁ ሰው የለፋበትን ታጠፉበታላችሁ። ርካሽ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ከጀርባ የሚሠራ መተግበሪያን ይዘጋሉ፤ ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ደግሞ እንቅስቃሴን ለማንበብ የተጠቃሚው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያንን ፈቃድ ስትጠይቁ ምክንያቱን በአማርኛ አስረዱ። ስልኳን ቦርሳ ውስጥ አድርጋ ቦርሳውን መደርደሪያ ላይ የምታስቀምጥ ነጋዴ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ስታወርድና ስትሰቅል ብትውል ስልኩ ምንም አያይም። በእጅ «ዛሬ አድርጌዋለሁ» ብሎ መንካት የሚቻልበት አንድ ትልቅ አዝራር ይኑር፣ የሚነካውንም ሰው እመኑት። ማንን ያታልላል?

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። «12 ሰዓት» ብሎ የሞላው ሰው ንጋትን ይሁን ቀትርን እንደሚያስብ ስልኩ አያውቅም፤ አንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ ይሞላዋል። ከሰዓት ይልቅ «ከምሳ በኋላ»፣ «ከሥራ ስወጣ» ብሎ መጠየቅ የመጀመሪያውን መልስ ሐሳብ ያጠናክራል፣ የእናንተንም ስሕተት ይቀንሳል። ቀኑም እኩለ ሌሊት ላይ አይቆረጥ። የሌሊት ተረኛ ነርስ ወይም ጥበቃ አንድ ፈረቃው ለሁለት ቀን ተከፍሎ ሁለቱንም ቀን «ያልሞላ» ይሆንበታል።

በመጨረሻ፣ መረጃውን ከስልኩ አታውጡት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው የጤና መረጃ እንደ ተራ መረጃ የሚያዝበት ጊዜ አልፏል። የሰውየውን የኢንተርኔት ጥቅልም ታተርፋላችሁ።

መልስ 4 — ሾፌር ከሜሪላንድ

እኔ ዲዛይነር አይደለሁም፤ በቀን ዐሥራ ሁለት ሰዓት መኪና ውስጥ የምቀመጥ ሰው ነኝ። ስለ ተከታታይ ቀናት ቆጠራ የተባለውን አልቃወምም፤ ሆኖም ፈጽሞ አይቅር እላለሁ። የእጅ ሰዓቴ ሲቆጥርልኝ የነበረው ቁጥር ባይኖር የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት፣ ያውም በክረምት ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በሚጨልምበት አገር፣ አልዘልቃቸውም ነበር። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። ቁጥሩ ሁለት መቶን ካለፈ በኋላ አንድ ቀን አተኩሶኝ እያለ በእኩለ ሌሊት የአፓርታማውን መኪና ማቆሚያ ስዞር ባለቤቴ በመስኮት አይታ «ለማን ነው የምትሠራው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በማግሥቱ ተኛሁ፣ ቁጥሩም ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ አንድ እርምጃ አልሄድሁም። መነሻ ላይ ምርኩዝ ይሁን፤ ሰው መሄድ ሲችል ግን ምርኩዙን ራሳችሁ ተቀበሉት።

የጠያቂው ምላሽ — መተግበሪያ ሠሪው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከባልደረቦቼ ጋር ሁለት ምሽት ተቀምጠን የሚከተለውን ወስነናል። የመጀመሪያው ሳምንት ያለ ግብ ይቆጠራል። ቀጥሎ ተጠቃሚው «ከምን በኋላ?» ለሚለው አንድ መልስ ብቻ ይመርጣል፤ ሁለተኛ መምረጥ የሚፈቀድለት የመጀመሪያው ከጸናለት ነው። እሳቱ ጠፍቷል፤ በምትኩ በወሩ ውስጥ የተራመደባቸው ቀናት እንደ ዶቃ ይደረደራሉ፣ የቀረው ቀን ክፍተት ሆኖ ይታያል እንጂ ያለፈውን አያፈርስም። ከክፍተት በኋላ የመጣው ዶቃ ከሌሎቹ ደመቅ ያለ ቀለም አለው። ሾፌሩ ወንድማችን ባሉት መሠረት ደግሞ፣ ድርጊቱ በጸናለት ሰው ላይ ማሳሰቢያው በየሳምንቱ እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ይቆማል። የደረጃ ሰንጠረዡ ወጥቷል፤ የእግር ጥያቄው ገብቷል።

የቀረኝ አንድ ጭንቀት አለ። ደጋፊ ሊሆነን ያሰበው ድርጅት ስኬትን የሚለካው በቀን ስንት ሰው መተግበሪያውን እንደከፈተ ነው። ያሰብነው ከሠራልን ደግሞ ሰዎቹ መክፈት ያቆማሉ። ይህን እንዴት ላስረዳ?

መልስ 5 — ባህርይ አጥኚ

ፖኬሞን ጎ የተባለውን፣ ስልክ ይዘው ውጭ እየተራመዱ የሚጫወቱትን ጨዋታ ምሳሌ አድርገህ አሳያቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 እንደ ወጣ ዓለም ሁሉ ሲከፍተው ነበር። በዚያው ዓመት የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ተጫዋቾቹ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 955 ያህል እርምጃ ጨመሩ፤ በስድስተኛው ሳምንት ጭማሪው ጠፍቶ ወደ ነበሩበት ተመለሱ። መክፈትና መራመድ ለየቅል ናቸው። ስለዚህ በስድስተኛው ወር አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቁ፦ «ከመረጡት ነገር በኋላ ዛሬም ይራመዳሉ?» ይህን አንድ ቁጥር ለድርጅቱ ስጡት። ካልተቀበለ ሌላ ደጋፊ ፈልጉ።

መልስ 6 — የስኳር ክትትል ነርስ

አንድ ነገር ልጨምር። ሙከራውን መስከረም ላይ አትጀምሩት። በአደይ አበባ ወቅት፣ «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳናው ለእግረኛ በሚለቀቅበት እሑድ ማንም ይራመዳል። ሐምሌ ላይ ጀምሩ፤ ዝናቡ ሲወርድና ጭቃው ሲበዛ ሰዎቹ ምን እንደሚያደርጉ እዩ። ኮንዶሚኒየም የሚኖረው ሊፍት የሌለውን ደረጃውን ያገኛል፤ ግቢ ያለው በረንዳውን። ለማያገኘው ሰው ምን እንደምትሉት ካሁኑ አስቡበት።

የጠያቂው ምላሽ — መተግበሪያ ሠሪው

ሐምሌ 1 ተስማምተናል። ለመሞከር የሚፈልግ ሰው የውስጥ መልእክት ይላክልኝ፤ በተለይ ባትሪው የደከመ ስልክ ያላችሁ። አጎቴም እሺ ብሏል፤ ከቅዳሴ መልስ በላይኛው መንገድ ሊመጣ ነው።